ለሚቆፍን እጅና እግር፦ ባለ 3 ሚሊሜትር የኒዮፕሪን ጓንትና ካልሲ በጅማ የማለዳ ዋና ሲፈተሽ

ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ። ባለ 3 ሚሊሜትሩ የኒዮፕሪን (አረፋ ያለው ሰው ሠራሽ ጎማ) ጓንትና ካልሲ፣ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ማለዳ ለሚዋኝና ጣቱ ቶሎ ለሚቆፍን ሰው ዋጋውን የሚያወጣ ዕቃ ነው። ባለ 5 ሚሊሜትሩ ለጅማ አያስፈልግም፤ ባለ 2 ሚሊሜትሩ ጓንት ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ይሳሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አንድ ነገር ከታወቀ ነው፦ ጓንት ከራሱ ሙቀት አያመነጭም። ደም ከደረት ይዞት የመጣውን ሙቀት ቶሎ እንዳይሄድ ያዘገያል እንጂ። ቀድሞ የቀዘቀዘ እጅ ከገባበት ቅዝቃዜውን ጠብቆ ያቆያል። «ገዛሁት፣ ምንም አልጠቀመኝም» የሚለው ቅሬታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል፤ የቀረው ከልክ ነው።

«ጅማ ደግሞ ምን ብርድ አለና?» የሚል አይጠፋም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ቀኗ ሞቅ ያለ ናት። የገንዳ ውሃ ግን ከቀኑ አየር ጋር እኩል አይራመድም። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ደመናውን ሳትወጣ ስለምትውል ውሃው የሚሞቅበት ሰዓት አያገኝም። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ቀኑ ቢያቃጥልም ሌሊቱ ጥርት ያለ ስለሆነ ገንዳው የያዘውን ሲለቅ ያድራል፤ ንጋት ላይ የምታገኙት ከሁሉ ሰዓት የበረደውን ነው። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያስተላልፋል። 20 ዲግሪ አየር ላይ በስስ ሹራብ ደህና የሚያመሽ ሰው፣ 20 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። በስፖርቱ ዓለም ቀዝቃዛ ውሃ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ15 ዲግሪ በታች ያለው ነው፤ ከፍሪጅ ጠርሙስ ሲያወጣ ጣቱ ለሚነጣ ሰው ግን ይህ ቁጥር ምኑም አይደለም።

የሚነጣበትን ምክንያት ማወቅ ዕቃ ለመምረጥ ይጠቅማል። በጣት ጫፍ፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ቆዳ ሥር ደም ከወሳጁ ቧንቧ በቀጥታ ወደ መላሹ የሚሻገርባቸው አቋራጮች አሉ። ሰውነት ሲሞቀው ይከፍታቸዋል፣ ሲበርደው ይዘጋቸዋል፤ ደረትንና ሆድን ለማዳን ዳር ዳሩን መተው የጤናማ ሰው ጠባይ ነው። በ1862 በገለጸው በፈረንሳዊው ሐኪም በሞሪስ ሬይኖ ስም በሚጠራው ሕመም ግን መዝጊያው ከልክ በላይ ይጠብቃል። ጣቱ መጀመሪያ ይነጣል፣ ቀጥሎ ሰማያዊ ይመስላል፣ ሲሞቅ ቀልቶ ይጠዘጥዛል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ለውጡ በእጅ ጀርባ በኩል ላይለይ ይችላል፤ መዳፉን ገልብጣችሁ ጥፍሩ ሥር ብታዩ ይገኛል። የታመመው ክፍል ከደህናው የሚለይበት መስመር በክር የታሰረ ያህል ጉልህ ነው።

ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። መዝጊያውን የሚያዘው የጣት ብርድ ብቻ አይደለም፤ ደረት ሲበርደውም ጣት ይዘጋል። ስለዚህ ጓንቱ የቱንም ያህል ቢወፍር፣ ከአንገት እስከ ወገብ ራቁቱን የሚዋኝ ሰው እጁ መቆፈኑ አይቀርም። ባለ 2 ሚሊሜትር የኒዮፕሪን ሰደርያና ጆሮ የሚሸፍን የዋና ቆብ ተጨምሮ ባለ 3 ሚሊሜትር ጓንት፣ ብቻውን ከተጠለቀ ባለ 5 ሚሊሜትር ጓንት ይበልጣል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ መጀመሪያ ሰደርያውን ግዙ፣ ጓንቱን ቀጥሎ፣ ካልሲውን መጨረሻ። ሻጮች ግን በተቃራኒው ነው የሚመክሩት፤ ትንሹን ዕቃ መሸጥ ስለሚቀላቸው ይመስለናል።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትዋኙበትን ውሃ ለኩ። የትኩሳት መለኪያ ለዚህ አይሆንም፤ ባለ ሜርኩሪው ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። የዓሣ ገንዳ ወይም የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ይበቃል። በክር አስራችሁ ክንድ ያህል ጥልቀት አስገቡትና 2 ደቂቃ አቆዩት፤ ላይ ላዩን ብቻ ከለካችሁ ፀሐይ ያሞቀችውን ስስ ውሃ ታነባላችሁ። ከ24 ዲግሪ በላይ ከሆነ ለአብዛኛው ሰው ቆብና ሰደርያ ይበቃዋል። ከ18 እስከ 24 ከሆነ ይህ የምንገመግመው ጓንትና ካልሲ ቦታው ነው። ከ15 በታች ለሚዋኝ፣ ለምሳሌ ውጭ አገር ሄዶ ሐይቅ ለሚገባ፣ ያኔ ባለ 5ቱ ይታሰብ። በነገራችን ላይ ለውድድር የምትዘጋጁ ከሆነ ከጓንት ጋር ብዙ አትላመዱ። የዓለም አቀፉ የዋና ማኅበር የክፍት ውሃ ውድድር ከ16 ዲግሪ በታች አይካሄድም፣ ከ18 በታች ዌትሱት (ገላን የሚሸፍን የኒዮፕሪን የዋና ልብስ) ግዴታ ነው፤ ጓንት ግን አይፈቀድም። ከ5 ዲግሪ በታች የሚዋኙት የበረዶ ዋናተኞችም በተራ የዋና ልብስ፣ በቆብና በመነፅር ብቻ ነው የሚገቡት።

አሁን ወደ ዕቃው። ኒዮፕሪን በ1930 በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ለዋና የሚውለው በጥቃቅን የጋዝ አረፋ የተሞላው ዓይነት ሲሆን ብርዱን የሚከለክለው ጎማው ሳይሆን አረፋው ነው። አረፋው እያረጀ ይፈርጣል፤ ለዚህ ነው ሰልባጅ ተራ የሚገኝ ያገለገለ ጓንት ውፍረቱ ባለ 3 ተብሎ ሥራው የባለ 1 የሚሆነው። በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ጨምቃችሁ ልቀቁት። ደህናው ወዲያው ይመለሳል፣ ያረጀው የጣታችሁን ምልክት ይዞ ይቀራል። ስፖርት ዕቃ መሸጫ ውስጥ «ኒዮፕሪን» ተብሎ የሚቀርበው የክብደት ማንሻ ጓንት ጀርባው ላይ ለአየር የተበሳሳ ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ ከንቱ ነው።

ልክ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። አውራ ጣትን ትታችሁ መዳፉን በሰፊው ቦታ፣ በአንጓዎቹ ዙሪያ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ፤ ቀኝና ግራ ከተለያዩ ትልቁን ያዙ። ከዚያ የዚያኑ ፋብሪካ የልክ ሠንጠረዥ ተከተሉ፤ የአንዱ «መካከለኛ» የሌላው «ትንሽ» ነው። ሲጠልቅ በጣት ጫፍ የሚቀረው ባዶ ቦታ ከግማሽ ሴንቲሜትር በላይ መሆን የለበትም፤ ከበዛ እዚያ ውሃ ይቋጥራል፣ በእያንዳንዱ ቀዘፋ ሞቃቱ ይወጣና ቀዝቃዛው ይገባል። በጣቶች መሐል ያለው ጨርቅ ጣቱ ሥር ድረስ መድረስ አለበት። ሰፊ ጓንት አያሞቅም፣ ጠባብ ጓንት ግን ይጎዳል፤ የተዘጋውን ቧንቧ ከውጭ ጨምሮ ያንቀዋል። ስለዚህ ደረቅ እጅ ላይ አጥልቃችሁ 10 ደቂቃ ቆዩ፣ በዚህ መሐል ጨብጡ፣ ዘርጉ። አውልቃችሁ እዩ። አንጓው ላይ የስፌት ቦይ ከቀረ ጠቧል። ጥፍሩን ተጭናችሁ ስትለቁት ነጩ በ2 ሰከንድ ገደማ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት፤ ከዘገየ አንድ ቁጥር ከፍ በሉ። ማለዳ ከመኝታ የተነሣ እጅና ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲሠራ የዋለ እጅ እኩል አይደሉምና፣ የምትለኩት በምትዋኙበት ሰዓት ቢሆን ይሻላል።

ስፌቱን ጓንቱን ገልብጣችሁ መርምሩ። ክሩ በሁለቱም ፊት ከታየ መርፌው አልፎ በስቶታል፣ ውሃም በዚያው ይገባል። የተሻለው በሙጫ ተጣብቆ ክሩ በአንድ ፊት ብቻ የሚታየው ነው። ሱቅ ውስጥ ከፈቀዱላችሁ ጓንቱን ውሃ ሞልታችሁ አፉን በጡጫ ዝጉና ጨምቁት፤ የዕንባ ያህል ጠብታ በስፌቱ ላይ መደርደር ከጀመረ ወደ ሌላው እለፉ። የእጅጌው ርዝመትም ይታይ። የእጅ አንጓ ላይ የደም ቧንቧው ከቆዳ ቅርብ ስለሆነ፣ ከአንጓው አራት ጣት ያህል ከፍ የማይል ጓንት የሚያፈሰው ሙቀት ብዙ ነው። የሚለጣጠፍ ማሰሪያ ያለው ጥሩ ነው፤ ግን የውሃውን መግቢያ እስኪዘጋ ብቻ እንጂ እንደ ደም ግፊት መለኪያ አይጠበቅ።

ካልሲው ቀላል ነው። ውስጡ ጣቶች መፍተልተል ከቻሉ፣ ተረከዙ ላይ ካልተጨማደደ ልክ ነው። ሶሉ ላይ የጎማ ነጠብጣብ ያለውን ምረጡ፣ በእርጥብ ሴራሚክ ላይ ለስላሳው ያንሸራትታል። ወፍራም ሶል ያለው የጠላቂዎች ጫማ ለዋና አይሆንም፤ ቁርጭምጭሚት እንዳይተጣጠፍ ያደርጋል። ካልሲው እግርን ስለሚያንሳፍፍ ሲራገጡ ተረከዝ ከውሃ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል እንጂ ይለመዳል። ጓንቱ በበኩሉ መዳፍን ስለሚያሰፋ ትከሻ ላይ ጫና ይጨምራል። ትከሻው የሚያመው ሰው ርቀቱን መጀመሪያ በግማሽ ይቀንስ።

ምትክ ተብለው ከሚነገሩት መሐል የወጥ ቤት ላስቲክ ጓንት አረፋ ስለሌለው አያሞቅም፣ ውሃ ሲገባበት ይከብዳል። የሱፍ ካልሲ ውሃ ውስጥ ጥቅም የለውም፣ ከወጡ በኋላ ግን ምርጥ ነው። በፌስታል እግር ጠቅልሎ መግባት አደገኛ ነው፤ ውሃ ይሞላል፣ ያንሸራትታልም። ቫዝሊንና ቅቤ ብብትና አንገት እንዳይላጥ ይረዳሉ፣ ብርድ ግን አይከለክሉም። የሚሠራው አንድ ብልሃት ከኒዮፕሪኑ ሥር ስስ የሕክምና ጓንት ማጥለቅ ነው፤ ውሃ በቆዳ ላይ እንዳይመላለስ ያደርጋል። ላቴክስ የሚያሳክከው ሰው ናይትራይሉን ይጠቀም፤ ልኩንም እንደገና ይፈትሽ፣ ያቺ ስስ ላስቲክ ብቻዋን ትክክለኛውን ጓንት ጠባብ ልታደርገው ትችላለችና።

አጠላለቁ ቅደም ተከተል አለው። ከቤት ስትወጡ እጅና እግር ይሞቅ፤ በሞተር ወይም በባጃጅ ነፋስ እየተመታ ገንዳ የደረሰ እጅ ከመጀመሩ በፊት ተሸንፏል። ገንዳው አጠገብ በሳፋ 38 ወይም 40 ዲግሪ በሆነ ለብ ያለ ውሃ እጅን 5 ደቂቃ ንከሩ፣ በደንብ አድርቁ። ካልሲ ይቀድማል፣ ሰደርያ ይከተላል፣ ከዚያ ቆብና መነፅር፤ ጓንት የመጨረሻው ነው፣ ምክንያቱም ጓንት ከጠለቀ በኋላ የመነፅር ላስቲክ ማስተካከል አይቻልም። በእያንዳንዱ ጓንት ግማሽ የቡና ስኒ ለብ ያለ ውሃ ጨምሩና እጁን አስገቡ። ጓንት ውስጥ ስስ የውሃ ሽፋን መኖሩ አይቀርም፤ ያ ሽፋን ከገንዳው ቀዝቃዛ ከሚገባ ከፔርሙዝ ለብ ያለው ቢገባ ሰውነት የሚከፍለው ያንሳል።

ዘልሎ መግባት ይቅር። በእግር ገብታችሁ፣ አንገትና ፊት አርሳችሁ፣ ትንፋሹ እስኪረጋ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ የሚመራችሁ ሰዓት ሳይሆን እጅ ነው። በየ 4 ዙሩ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆማችሁ አውራ ጣትን ከትንሿ ጣት ጋር አገናኙ። ካልተገናኙ፣ ወይም ስትቀዝፉ ጣቶች ተበታትነው አልሰበሰብ ካሉ ውጡ። የጣት ቆዳ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ቅልጥፍና ይጠፋል፤ በዚያ ሁኔታ የመሰላሉን ብረት መጨበጥም ሥራ ይሆናል። ማመሙን ያቆመ ጣት ተሻለው ማለት አይደለም፣ ደነዘዘ ማለት ነው። የሬይኖ ሕመም ያለበት ሰው ብቻውን አይዋኝ።

ከውሃ ከወጡ በኋላ ሰውነት ለ10 እስከ 30 ደቂቃ መቀዝቀዙን ይቀጥላል፤ መንቀጥቀጡ የሚብሰው ያኔ ነው። ስለዚህ ጓንቱን ለማውለቅ ከመታገል በፊት ደረት ይድረቅ፣ ሹራብ ይለበስ፣ ጋቢ ይደረብ። ከዚያ ካልሲ፣ ከዚያ ጓንት። ጓንት ከጣት ጫፍ አይጎተትም፣ ስፌቱ ይተረተራል፤ ከእጅጌው ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይወልቃል። እጅጌው ጠርዝ ላይ የጣት ማስገቢያ ቀለበት ጥብጣብ ብታሰፉ የደነዘዘ እጅም ያወልቀዋል። እጁን አትሹት፣ ከሰል ምድጃ ላይም አትዘርጉት፤ የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይናገርም። ውሃውን ሌላ ሰው በክርኑ ፈትኖ ለብ ያለ ይስጣችሁ፣ ወይም ሃይላንድ ጠርሙስ ሞቅ ያለ ውሃ ሞልታችሁ በፎጣ ጠቅልላችሁ ብብት ሥር ያዙ። ክንድን ከትከሻ ጀምሮ በሰፊው ማሽከርከር ደምን ወደ ጣት ይገፋል፤ ምንም ወጪ የለውም፣ ይሠራል። ብዙውን ጊዜ ከሞቀ በኋላ ቀለሙ በ15 ወይም 20 ደቂቃ ይመለሳል።

የሚጠጣው ነገር ላይ ጅማ ውስጥ የማይወደድ ምክር አለን። ካፌይን የደም ቧንቧን ሊያጠብ ስለሚችል ከዋና በፊት ያለው ቡና ይዘግይ፤ በምትኩ አጥሚት ወይም ትኩስ ወተት። ቡናው የትም አይሄድም፣ ጣት ሲመለስ ይደርሳል። ጫት ግን ከዚህ የከፋ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል፣ ቧንቧን የሚያጠብና የደም ግፊትን የሚጨምር ነገር ነው። ቅሞ ውሃ መግባት ለጣትም ለልብም ክፉ ነው። ሲጋራም እንዲሁ። አረቄ ደግሞ ቆዳውን አሙቆ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ከመድኃኒት በኩል ፕሮፕራኖሎልና አቴኖሎል፣ ለጉንፋን የሚወሰደው ፕሱዶኤፌድሪን፣ ለማይግሬን የሚሰጠው ኤርጎታሚን ቆፈኑን ያባብሳሉ። በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ያዘዘላችሁን ሐኪም ጠይቁ።

አንዳንድ እጅ ጓንት ሳይሆን ሐኪም የሚያስፈልገው ነው። ቆፈኑ ከ30 ወይም ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ፣ በአንድ እጅ ብቻ የሚታይ፣ ጣት ጫፍ ላይ ቁስል የሚያወጣ፣ ወይም ከመገጣጠሚያ ሕመምና ከቆዳ መድረቅ ጋር የመጣ ከሆነ መጀመሪያ ምርመራ ይቅደም፤ ሉፐስና ስክሌሮደርማ የሚባሉት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች እንዲህ ሊጀምሩ ይችላሉ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ቅርብ ነው። የልብ ሕመም ያለበት፣ ብርድ ሲነካው ቆዳው የሚያብጥ፣ ወይም በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ ቀዝቃዛ ውሃ አይግባ። ጓንትና ካልሲ ለበስኩ ብሎ ወንዝና ኩሬ መሞከርም አይገባም። ቢልሃርዚያ በማንኛውም ራቁት ቆዳ ይገባል፣ በጅማ አጠገብ ያለው የቦዬ ረግረግ ደግሞ የጉማሬዎች ነው።

አያያዙ በክረምት ያስቸግራል። ክሎሪን ኒዮፕሪንን ያደርቃልና ከእያንዳንዱ ዋና በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፣ ሳምንት አንዴ በሻምፑ፤ በረኪና ፈጽሞ አይነካው። በፎጣ ጠቅልላችሁ ርገጡት፣ ከዚያ ገልብጣችሁ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት አስጡ። ፀሐይ ያጠነክረዋል፣ የከሰል ሙቀት ስፌቱን ያላቅቃል። በሐምሌ አንዱ ፊት ሙሉ ቀን ስለሚወስድ ማታ ገልብጡትና ሌላውን ፊት አድርቁ፤ ያልደረቀ ጓንት በሦስተኛው ቀን የሚሸተው ሽታ በሻምፑ አይለቅም።

ስፌት ከለቀቀ ጫማ ሰፊ ጋር ይጠገናል። የጫማ ማስቲሽ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ከኒዮፕሪን ጎማ የሚሠራ ስለሆነ በደንብ ይይዘዋል። ሁለቱም ፊት ደረቅና ንጹሕ ይሁን፣ በሁለቱም ላይ በስሱ ይቀባ፣ ሲነኩት ጣት የማይዝ እስኪሆን 10 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ድጋሚ ይቀባ፣ ከዚያ አንዴ ተገጥሞ ይጫን። የሚሰፋ ከሆነ መርፌው ቀጭን ይሁን፤ የጫማ ወስፌ የሚተወው ቀዳዳ ከተጠገነው ይብሳል። ማስቲሹ 24 ሰዓት ሳይሞላው ውሃ አታስነኩት።